ከፈረሱ ስም በታች

ከወደራ እስከ ነጌሌ ቦረና ላደገ ሰው የካውቦይ ፊልም ዓለም ሩቅ አይደለም፤ ከብት ይነዳል፣ ውሃ ይፈለጋል፣ በግጦሽ ሰው ይጣላል። የሚጎድለው የሴቷ ሥራ ነው። ቦረና ውስጥ ጎጆውን የምትሠራው፣ ላሟን የምታልበው፣ ወተቱንም የምታዝበት ሴቷ ናት። ሆሊውድ ግን መንጋውን ለወንዶች አስረክቦ ለሴት የተወላት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ወይ መጠጥ ቤቱን ወይ የጀግናውን ጓዳ ነበር። ረዳት ተዋናይት እንጀራዋን የምትበላው በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ለአንዳንዷ ጊዜውም አልተሰጣት። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው «ሬድ ሪቨር» ኮሊን ግሬይ ጆን ዌይንን ይዘኸኝ ሂድ ብላ ትለምነዋለች። የእናቱን አምባር ሰጥቷት ይሄዳል፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ትገደላለች። ከዚያ ወዲያ አምባሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዕቃው ከተዋናይቷ በላይ ታየ ማለት ነው። ዴል ኢቫንስ ደግሞ ከ1944 ጀምሮ ከዘፋኙ ካውቦይ ከሮይ ሮጀርስ ጋር ስትሠራ፣ የፈረሱ የትሪገር ስም ከእሷ ስም ቀድሞ ይጻፍ ነበር። ፈረስ ወዳድ ባይከፋውም፣ ለእሷ ግን ስድብ ነው።

ከሁሉ የምትልቅብኝ ሜክሲኳዊቷ ኬቲ ሁራዶ ናት። በ1924 ተወለደች፤ አገሯ ሳለች ከፊልም ሥራዋ ጎን ለጎን ስለ ኮርማ ግጥሚያ ትጽፍ ነበር። በ1951 የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፊልሟን ስትሠራ እንግሊዝኛ ስለማትችል ቃለ ተውኔቱን በድምፁ ሸምድዳ ነው የተናገረችው። በዓመቱ «ሃይ ኑን» መጣ። እዚያ ላይ ሄለን ራሚሬዝ የምትባል፣ የራሷ ንብረት ያላት፣ የከተማው ማርሻል የቀድሞ ወዳጅ ናት። ሽፍቶቹ ሲመጡ ወንዱ ሁሉ ሰበብ ሲደረድር፣ እሷ ለአዲሷ ሙሽራ ለግሬስ ኬሊ፣ ሰውዬው የኔ ቢሆን ጠመንጃ አንስቼ እዋጋለት ነበር ትላታለች። ሙሽራዋ በመጨረሻ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ታሪኩን ያዞረችው ረዳቷ ተዋናይት ነች፤ ለዚህም የጎልደን ግሎብ ሽልማት አገኘች።

በ1954 «ብሮክን ላንስ» ላይ የስፔንሰር ትሬሲ ሚስት የሆነች የኮማንቼ ሴት ሆና ለኦስካር ታጨች። ልጇን የሚጫወተው ሮበርት ዋግነር የተወለደው በ1930 ነው፤ እናቱ በስድስት ዓመት በለጠችው! ነጭ ያልሆነች ተዋናይት ምን ያህል በቶሎ እንደምታረጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» ግን ኦሊቭ ኬሪ እናት ስትሆን ልጇን የተጫወተው ሃሪ ኬሪ ጁኒየር የማህፀኗ ልጅ ነበር።

ሁራዶ ሜክሲኮ እየተመለሰች መሥራቷን አላቆመችም። በ1953 በወጣው በሉዊስ ቡኑኤል «ኤል ብሩቶ» ላይ ሆሊውድ የነፈጋትን ሰፊ ቦታ ይዛለች። በ1998 በ«ዘ ሃይ-ሎ ካንትሪ» ወደ ካውቦይ ፊልም ስትመለስ 74 ዓመቷ ነበር፤ የተሰጣትም ያው ረዳት ሚና ነው።