ጃፓን ከሕጉ በፊት ትምህርትን አስቀደመች

ከጅቡቲ ከተማ፣ ከካርቲየ 6 ብዙም በማይርቀው በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጦር ሠፈር አላት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1931 የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ቶኪዮ ያቀኑት በዚህችው ከተማ ወደብ በኩል ነበር። በዚያው ዓመት የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በብዙ ክፍሉ አብነት ያደረገው የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው።

ይሁን እንጂ ጃፓን ከሕጉ 17 ዓመት አስቀድማ፣ በ1872፣ የሕዝብ ትምህርትን ደንግጋ ነበር። የገበሬው ልጅ በገዛ ቋንቋው ፊደል ቆጠረ፤ የባዕድ ዕውቀት በጃፓንኛ ተተረጎመ። በ1905 ሩሲያን ድል የነሣው ሠራዊት የተመለመለው ከዚህ ሕዝብ ነው። ያው ኃይል ለወረራ ሲውል ግን አገሪቱን ለ1945ቱ ሽንፈት ዳረጋት።

እኛ የሕጉን ቃል ቀዳን፤ ትምህርት ቤቱ ግን ለሰፊው ሕዝብ ሳይዳረስ ብዙ ዘመን አለፈ። ሕግ የሚጸናው አንብቦ የሚጠብቀው ሕዝብ ሲኖር ነው።