ደረጃውን ሴራሚክ አታልብሱት

ቢሯችን ያለው ሜክሲኮ አካባቢ፣ በንጉሡ ዘመን የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ባለቤቷና እኛ ተከራዮች ተስማምተን የጋራ ቦታዎቹን አሳደስን፦ መግቢያውን፣ ደረጃውን፣ ኮሪደሩን፣ መጸዳጃ ቤቶቹን። «ምን ምን አደረጋችሁ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የብሩን ነገር በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

መጀመሪያ ያሰብነው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሴራሚክ ልናለብሰው ነበር። የጂፕሰም ኮርኒስና ሰማያዊ መብራትም ታክሎበት፤ ያው አሁን ሁሉም የሚያደርገውን። ዋጋ እንዲሰጡን የጠራናቸው አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ግን ጎንበስ ብለው ደረጃውን በእርጥብ ጨርቅ አሹት። ከጥቁሩ እድፍ ሥር አረንጓዴና ነጭ የእብነ በረድ ጠጠር ብቅ አለ። «ልጄ፣ ይሄን ልትቀብሩት ነው?» አሉኝ።

ቴራዞ ነው። የእብነ በረድ ስብርባሪ በሲሚንቶ ተቦክቶ ይፈስስና ሲደርቅ በማሽን እየታሸ ይለሰልሳል። ያረጀ ሲመስል ያረጀው የላዩ ብቻ ስለሆነ፣ ቀዳዳውን በተመሳሳይ ቀለም ሲሚንቶ ሞልቶ ከሻካራ ድንጋይ ወደ ለስላሳው እየቀየሩ እንደገና ማሸት ይቻላል። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ጽዳት ሠራተኞች ሽንት ቤት የሚያጸዱበትን አሲድ እንዳያስነኩት። እብነ በረድ በአሲድ ይበላል። የእኛ ደረጃ የጠቆረው ግማሹ ከጫማ ሳይሆን ከዚያ ነው።

ሴራሚክ ቢለብስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሴራሚኩና ሥሩ የሚገባው ሲሚንቶ አንድ ላይ አራት ሳንቲ ገደማ ይወፍራል። የመግቢያችን የብረት በር ወደ ውስጥ ስለሚከፈት የምድሩን ወለል ከፍ ማድረግ አንችልም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እርከን 20 ሳንቲ ትሆንና ሌሎቹ 16 ሆነው ይቀራሉ። ሰው ደረጃ ሲወጣ አያይም፣ እግሩ በልማድ ነው የሚሄደው፤ እዚያች አራት ሳንቲ ላይ ይደናቀፋል። ሴራሚክ የለበሱ የድሮ ሕንፃዎች ስትገቡ የመጀመሪያዋን እርከን ልብ በሉ።

ባለቤቷን ማሳመን ግን ቀላል አልነበረም። «የኔ ልጅ፣ ደንበኛ የሚመጣው የሚያብረቀርቅ ሲያይ ነው» አሉኝ። የአፍሪካ አዳራሽን አነሳሁላቸው። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 የተመሠረተበት ሕንፃ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያለው ከስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ሁሉ ሰው የሚያልፍበት መግቢያው ላይ ነው። ሕንፃው ዓመታት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት ጥቅምት 2017 እንደገና ሲከፈት የድሮ መልኩን እንደያዘ ነበር። «የእኔ ሕንፃ እኮ የአፍሪካ አዳራሽ አይደለም» ብለው ሳቁ፤ ግን እሺ አሉ።

ከደረጃው የተረፈው ብር የገባው ዓይን በማያየው ላይ ነው። የብረት ቧንቧው ውስጡን በዝገት ስለጠበበ ሮቶው ሙሉ ሆኖም ሦስተኛ ፎቅ ውሃ እንደ እንባ ነበር የሚንጠባጠበው፤ በፒፒአር ቀየርነው። ሽቦው ኧርዝ አልነበረውም። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ ኤልኢዲ አስገባን።

ጥፋቴን ልናገር፦ ሁለተኛ ፎቅን ቧንቧው በግፊት ሳይፈተሽ አስቀባሁት። በሳምንቱ ግድግዳው ላብ አወጣ፣ ስቱኮው ተላጠ፣ እንደገና ተሰበረ። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ተከራይ ቢነጫነጭም ቀለም ቀቢውን አታስቀድሙ።

አሁን ያልተፈታው የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ነው። አዲስ በር፣ አዲስ ሲንክ ገብቶም እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱን ጓጉንቸር ይዞ መጥቷል። አንደኛው በር ላይ ሦስት ተንጠልጥለዋል።