በትንሹ መንበር ዙሪያ

ተራኪ፦ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ሃይማኖታቸውን የሚማሩበት ትምህርት «ትምህርተ ክርስቶስ» የሚባል ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ይሰጥ የነበረው ጥያቄንና መልስን በቃል በማስያዝ ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ሳን ሎሬንዞ ሠፈር የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ከከፈቱ በኋላ ሕፃን በእጁ ይዞ ደጋግሞ የሠራውን አጥብቆ እንደሚይዝ በማስተዋላቸው፣ ይህንኑ መንገድ በባርሴሎና ለሃይማኖት ትምህርት አዋሉት፤ ክፍሉንም «አትሪየም» አሉት። አትሪየም በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕዝቡ ወደ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት የሚቆይበት ቅጥር ነበር፤ ለእኛ ደጀ ሰላም የቀረበ ነው።

ሥራውን ያስፋፉት የመጽሐፍ ቅዱስና የዕብራይስጥ ምሁር ሶፊያ ካቫሌቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 አንዲት እናት ልጇን እንዲያስተምሩላት ስትጠይቃቸው ሕፃናትን አስተምረው ባያውቁም፣ ከሞንቴሶሪ መምህርት ጂያና ጎቢ ጋር ሆነው ዛሬ «የመልካሙ እረኛ ትምህርተ ክርስቶስ» የሚባለውን ዘዴ በሮም መሠረቱ።

(ድምፅ፦ ውኃ በቀስታ ሲንጠባጠብ)

ተራኪ፦ በአትሪየሙ ውስጥ በሕፃን ቁመት የተሠራ መንበር፣ በላዩም ትንሽ ጽዋና ጻሕል፣ ማለትም የቅዳሴው ኅብስት የሚቀመጥበት ሳሕን ይታያል። የአምስት ዓመት ልጅ ወይኑን ከአንዱ ብልቃጥ ወደ ጽዋው ከቀዳች በኋላ ከሌላው ብልቃጥ ጥቂት ጠብታ ውኃ ትጨምራለች፤ በብልቃጡ አፍ ላይ የቀረችውን ጠብታም በነጭ ጨርቅ ትጠርጋለች። ወይኑ የክርስቶስ፣ ጠብታው የሰው ልጅ ምሳሌ ነው፤ አንዴ ከተዋሐዱ የሚለያቸው የለም። አጠገቧ የተቀመጠው የሦስት ዓመት ሕፃን ዓይኑን ከእጇ ላይ አያነሣም።

ክፍሎቹ ከ3 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 9፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት በሚል የተደራጁት ሆን ተብሎ ነው፤ በየክፍሉ ታናሹ ከታላቁ ያያል፣ ታላቁም ለታናሹ ሲያሳይ የራሱን እጅ ይበልጥ ይቆጣጠራል። የኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ገፋ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ማስቀጸሉ የኖረ ሥርዓት ነውና። ልዩነቱ እዚህ የሚሸጋገረው ንባብ ብቻ ሳይሆን የእጅ አያያዝ፣ የአረማመድና የዝምታ ሥርዓት መሆኑ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ታናሹ ከአዋቂ ማብራሪያ ይልቅ ትናንት እንደ እርሱ ትንሽ ከነበረ ልጅ በቀላሉ ይቀበላል።

ስለዚህ በአገራችን ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የምታስተምሩ መምህራን፣ ለመጀመር አናጺ የሚሠራው ትንሽ መንበር፣ አንድ ጽዋ፣ ሁለት ብልቃጥና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃልና፣ ታላላቆቹን ከታናናሾቹ ጋር በዙሪያው አስቀምጧቸው።