ለሳል ሄደን ስለ ኤች አይ ቪ ለምን እንጠየቃለን?

ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ የጤና ዝግጅታችን የቀረበ ትምህርት ነው። ያላዳመጣችሁት እንድታነቡት፣ ያዳመጣችሁትም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እንድታነቡለት በወረቀት ታትሟል።

የዛሬው ርዕሳችን በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ስለሚደረገው የኤች አይ ቪ ምርመራና ከዚያ ስለሚገኘው ቁጥር ነው። ርዕሱን የመረጥነው ሁለት አባባሎች በየቤቱ ስለሚሰሙ ነው። አንደኛው «ሆስፒታል የሄደ ሁሉ ይገኝበታል፣ ባይሄዱ ይሻላል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለሳል ብሄድ ደምህን እንመርምር አሉኝ፣ ምን አይተውብኝ ነው?» የሚል ቅሬታ ነው። ሁለቱም ሰውን ከሕክምና ያርቃሉ። ከሕክምና የራቀ በሽተኛ ደግሞ ሊድን ሲችል ይሞታል። ስለዚህ ሁለቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

ገበያውና የሆስፒታሉ ሰልፍ

ከእናንተ መካከል ወደ ጅቡቲ ከተማ የሄዳችሁ ማዕከላዊ ገበያን ታውቁታላችሁ። በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ አትክልት የሚሸጠው፣ ጨርቅ የዘረጋው፣ ዕቃ የተሸከመው፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ይርመሰመሳል። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ 100 ሰዎችን «ሳል አለባችሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥቂቶቹ አዎ ይሉታል። ይኸው ሰው ወደ ፔልቲዬ ሆስፒታል ሄዶ ተራ የሚጠብቁ 100 ታካሚዎችን ቢጠይቅ ግን አዎ የሚሉት እጅግ ይበዛሉ። ታዲያ የሆስፒታሉን ቁጥር ይዞ «የጅቡቲ ሰው ሁሉ ሳል ይዞታል» ቢል ትክክል ነውን? አይደለም። «ሳሉን ሆስፒታሉ አመጣባቸው» ቢልም ስህተት ነው። ሰዎቹ ወደ ሆስፒታል የሄዱት ስላሳላቸው ነውና።

የኤች አይ ቪም ነገር እንዲሁ ነው። ቫይረሱ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው በሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)፣ በሳንባ ምች፣ በማያቋርጥ ተቅማጥ በቀላሉ ይጠቃል። ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ሲታመም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ስለዚህ በሆስፒታል ታካሚዎች መካከል የሚገኘው ቁጥር በገበያ ወይም በመንደር ካለው ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በሽታው የተያዘው ሆስፒታል በመሄድ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው።

በአገራችን የታየው ልዩነት

ይህን በኢትዮጵያ የሆነ ነገር በግልጽ ያሳየናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቫይረሱ በአገራችን በደም ምርመራ የታየው በ1984 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሥርጭቱ መጠን የሚገመተው ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ድርጅቶች ከሚመጡ እናቶች በሚወሰድ ደም ነበር። በዚህ መንገድ በ2005 የተገመተው 3.5 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት ቤት ለቤት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች ቫይረሱ የተገኘባቸው 1.4 በመቶ ብቻ ሆኑ።

አንዱ እውነት ሌላው ውሸት ነው ማለት ነውን? አይደለም። የተቆጠሩት ሰዎች የተለያዩ ስለሆኑ ነው። የእርግዝና ክትትል የሚደረግባቸው ጤና ድርጅቶች በብዛት ያሉት በከተማና በመንገድ ዳር ነው። የቤት ለቤቱ ጥናት ደግሞ ገጠሩንም አዳርሷል። በዚያ ጥናት በከተማ 5.5 በመቶ፣ በገጠር ግን 0.7 በመቶ ነበር የተገኘው። በ2007 ባለሙያዎች ሁለቱን መረጃዎች አንድ ላይ መርምረው 2.1 በመቶ የሚል አንድ ግምት አወጡ። ስለዚህ ቁጥር ስትሰሙ «ከማን ላይ ተቆጠረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቁጥሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

ተከታዮቹ ጥናቶች በ2011 1.5 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 0.9 በመቶ አሳይተዋል። ከ2005 እስከ 2011 ብዙ ያልቀነሰው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ደስ የሚያሰኝ ነው። ከጥር 2005 ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መሰጠት በመጀመሩ ይሞቱ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ቆዩ። በሕይወት ያለ ሰው ደግሞ ይቆጠራል። አዲስ የሚያዙት እየቀነሱ እንኳ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት ቁጥር ወዲያው የማይወርደው ለዚህ ነው።

በአንድ ሆስፒታልም እንዲሁ ነው። ቀድሞ የሚመረመሩት የተጠረጠሩ ብቻ ነበሩ እንበል። 50 ተመርምረው 10 ቢገኝባቸው 20 በመቶ ይሆናል። በኋላ ሁሉም ታካሚ መጠየቅ ሲጀምር 500 ተመርምረው 25 ቢገኝባቸው፣ የተገኘባቸው ሰዎች ከ10 ወደ 25 አድገዋል፤ በመቶኛ ግን ወደ 5 ወርዷል። ወሬ የሚያወራው «25 ተገኘ» ይላል። እውነቱ ግን ሕመማቸውን ሳያውቁ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች አሁን አውቀው መታከም መቻላቸው ነው።

መጠየቅ መጠርጠር አይደለም

ወደ ሁለተኛው አባባል እንለፍ። በፊት ምርመራው የሚጠበቀው ሰው በራሱ ፈቃድ ወደ ምክርና ምርመራ ጣቢያ ሲመጣ ብቻ ነበር። ብዙዎች ሳይመጡ ቀርተው ያወቁት አልጋ ከያዙ በኋላ ሆነ። በዚህ ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው መመሪያ የጤና ባለሙያው ራሱ ምርመራውን እንዲያቀርብ መከረ። በተለይ የቲቢ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና የአባላዘር በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንዲጠየቁ ያደርጋል። ስለዚህ «እንመርምርህ» ሲሏችሁ ጠባያችሁን መመርመራቸው አይደለም። የደም ግፊት እንደሚለኩት ሁሉ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ ምርመራው በፈቃድ ነው። አስቀድሞ ሊነገራችሁ፣ ጥያቄ ካላችሁ ሊመለስላችሁ ይገባል። እምቢ የማለት መብት አላችሁ። እምቢ ስላላችሁም ለመጣችሁበት ሕመም መታከማችሁ መቅረት የለበትም። ውጤቱም ምሥጢር ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። በጅቡቲ ሆስፒታሎች ፈረንሳይኛ ይነገራል። ኤች አይ ቪን «ቬ ኢ አሽ»፣ ኤድስን «ሲዳ» ይሉታል። ያልገባችሁን ነገር በይሉኝታ አንገት ነቅንቃችሁ አትለፉ፤ «አልገባኝም» በሉ። ቋንቋ ስለሚያውቅ ብቻ ጎረቤታችሁን ወደ ምርመራ ክፍል አታስገቡ። አስተርጓሚ ሲያስፈልጋችሁ ምሥጢር ጠባቂ መሆኑን የምታምኑበትን ሰው ምረጡ።

ምርመራውና ውጤቱ

ከጣት ጫፍ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ መውጊያው አዲስና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱ አለ ቢል በሌላ ዓይነት ምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ በአንድ ምርመራ ብቻ «አለብህ» አይባልም። ነፃ ሆኖ የተገኘም ሰው ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ለቫይረሱ ተጋልጦ ከሆነ ተመልሶ መመርመር ይኖርበታል፤ ምርመራው አዲስ የገባን ቫይረስ ወዲያው ላያሳይ ይችላልና።

ቫይረሱ ከተገኘስ? ዛሬ ሰው እስኪከሳና እስኪደክም አይጠበቅም። ከ2015 ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት ምክር የተገኘበት ሁሉ መድኃኒት ይጀምር የሚል ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ አርጅቶ ይኖራል። ቫይረሱ በደሙ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሲቀንስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ያልታከመች እናት በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ወደ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከ100 ከ15 እስከ 45 ነው። በወቅቱ ከታከመች ግን ከ5 በታች ይወርዳል። በዓለም ላይ በ2004 ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በኤድስ ሞተው ነበር። በ2023 የሞቱት 630 ሺህ ያህል ናቸው። ይህን ያመጣው ተመርምሮ መድኃኒት መጀመር ነው። 630 ሺህ ግን አሁንም ብዙ ሰው ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዘግይተው የደረሱ ናቸው።

«እኔ ስደተኛ ነኝ፣ ማን ያክመኛል?» የምትሉም አላችሁ። ጅቡቲ በ2017 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የጤና አገልግሎት ከስደተኛው መብቶች አንዱ ነው። ስለዚህ በካምፑ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ የሪፈር ወረቀታችሁንም አትጣሉ።

እንግዲህ ከዛሬው ትምህርት እነዚህን ያዙ፦

– የሆስፒታል ቁጥር የታማሚዎች ቁጥር እንጂ የሕዝቡ ሁሉ ቁጥር አይደለም።
– ምርመራ በሽታ አያመጣም፤ ያለውን ያሳያል።
– ስትጠየቁ አልተጠረጠራችሁም፤ ፈቃዱም የእናንተ ነው።
– ሳላችሁ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለቲቢም ለኤች አይ ቪም ተመርመሩ።

የተገኘበትን ሰው ደግሞ አናግልል። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ ቡና በመጠጣት፣ በመጨባበጥ ቫይረሱ አይተላለፍም። ሰው መመርመርን የሚፈራው ከበሽታው ይልቅ የእኛን አፍ ፈርቶ እንዳይሆን ሁላችንም እንጠንቀቅ።

ጥያቄ ያላችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ በሉ፤ ለብቻችሁ እናነጋግራችኋለን። እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን በጤና ቆዩ።