ጊዜው ያለፈበት ውክልና

በዎርድፕሬስ የተሠሩ ድረ ገጾችን መጠበቅና መጠገን ተግባሬ እንደ መሆኑ መጠን፣ ደንበኞች አዘውትረው ከሚያቀርቡልኝ አቤቱታ አንዱ፣ ከኢንስታግራም ፎቶግራፍ እየቀዳ በገጻቸው ላይ ያሳይ የነበረው ፕለጊን ግንኙነቱ ተቋርጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ማውጣቱ ነው። ብዙዎች ይህን ባዩ ጊዜ ፕለጊኑን ነቅለው እንደ ገና ለመትከል ይጣደፋሉ፤ ነገር ግን መንሥኤው ሳይመረመር የተጠገነ ነገር ተመልሶ መፍረሱ አይቀርም።

የዚህ ግንኙነት መሠረቱ በ2005 ዓ.ም. ደረጃው ታትሞ የወጣው ኦኦዝ 2.0 የተባለው ሥርዐት ሲሆን፣ ዓላማውም የአካውንቱ ባለቤት የይለፍ ቃሉን ለማንም ሳይገልጥ፣ ቶከን በሚባል ምልክት አማካይነት በልክ የተወሰነ ሥልጣን እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ ባለንብረት የቤቱን ቁልፍ ሳያስረክብ ለወኪሉ የውክልና ጽሕፈት እንደሚሰጠው ማለት ነው። በኢንስታግራም ዘንድ ረጅም ዕድሜ ያለው ቶከን ለ60 ቀን ይጸናል፤ 24 ሰዓት ከሞላው በኋላ ሊታደስ ይችላል፤ ዘመኑ ካለፈ ግን ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ፈቃዱን እንደ አዲስ ካልሰጠ በቀር የሚያድሰው የለም። ብዙ ፕለጊኖች እድሳቱን አደራ የሚሰጡት ለዎርድፕሬስ የቀጠሮ መሣሪያ ነው፤ ይህም መሣሪያ በባሕርዩ የሚነቃው ጎብኚ ገጹን በከፈተ ጊዜ ስለሆነ፣ ጎብኚ በሚያንሰው ገጽ ላይ እድሳቱ ሊዘገይ ይችላል። የይለፍ ቃል መለወጥም ቶከኑን ሊሽረው ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደ ነበረ እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎም ለግል አካውንቶች ያገለግል የነበረው የቀድሞው መንገድ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ተዘጋ፣ አካውንቱ የንግድ ወይም የይዘት ፈጣሪ መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ከዚያ ፕለጊኑን አሻሽዬ፣ አሮጌውን ፈቃድ ከአካውንቱ ቅንብር ላይ አሰርዤ፣ ባለቤቱ በተገኘበት አዲሱን አስገባለሁ፤ በመጨረሻም የቀጠሮው ሥራ ከሰርቨሩ በየጊዜው እንዲጠራ አደርጋለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ፣ በአንድ ሠራተኛ የግል ስም የተከፈተ ግንኙነት ሠራተኛው ሲሰናበት አብሮት የሚሄድ መሆኑ ነው። መሥሪያ ቤት ለሰው ውክልና ሲሰጥ በመዝገብ እንደሚያጸናው ሁሉ፣ ለፕለጊን የሰጠውንም ሥልጣን ማን እንደ ሰጠው፣ መቼ እንደ ተሰጠና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ሊያኖር ይገባዋል፤ የተሰጠ ሥልጣን ተጠያቂ ባለቤት ከሌለው፣ ሲቋረጥ የሚጠግነው፣ ሳይቋረጥም የሚቆጣጠረው አይኖርምና።