ለአንድ ሰው የተሠራ ብስክሌት

ከባሕር ዳር ተነስቶ በዋናው አስፋልት ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ዳንግላንና አዲስ ቅዳምን አልፎ እንጅባራ ሲገባ የሚቀበለው ብርድ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ነች። ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ አቅጣጫ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ፣ ከአስፋልቱ 200 ሜትር ያህል ገባ ብሎ ዘንገና ሐይቅ ይገኛል። እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ክብ ሊባል የሚችል፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ሐይቅ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል።

ከፍታውን ያነሳሁት ለአገር ጎብኚ ብዬ አይደለም። ባሕር ዳር በብስክሌት የታወቀችው መንገዷ ሜዳ ስለሆነ ነው። እዚያ 20 ኪሎ የሚመዝን የብረት ብስክሌት ባልን፣ ሚስትን፣ አልፎ አልፎም የእህል ከረጢት ጭኖ ሲሄድ ማንም አይደነቅም። ያንኑ ብስክሌት ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ይዞ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ20 ኪሎ ብስክሌት ዳገት ሲወጣ ወደ ላይ የሚያነሳው 80 ኪሎ ነው። ብስክሌቱ 9 ኪሎ ቢሆን 69 ኪሎ ያነሳል። ከመቶ 14 እጅ ያህል ሸክም ወረደለት ማለት ነው። በየቀኑ ዳገት ወጥቶ ሥራ የሚገባ ሰው ይህን ልዩነት ያለ ስሌት በጉልበቱ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሃያ ወይም ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ቀላል የአሉሚኒየም ኮርስ ብስክሌት በዘመድ በኩል ወይም ከነጋዴ እጅ ሲገኝ ቤተሰብ ቢደሰት ትክክል ነው። “ኮርስ” የምንለው መሪው ወደ ታች የተቆለመመውን፣ ጎማው ቀጭን የሆነውን፣ ለአስፋልት የተሠራውን ብስክሌት ነው። እኔም እንዲህ ያለውን አሮጌ ብስክሌት እወደዋለሁ። ነገር ግን ባልና ሚስት ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ እሱም ብስክሌቱ ምን ሊሸከም እንደሚችል ነው።

ቀላልነቱ ከየት መጣ?

አገራችን ለኮርስ ብስክሌት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ ከተወዳዳሪዎቿ መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ ፈጽሟል። ወደ 60 ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የገረመው ዘመን የብረት ብስክሌት ዘመን ነበር፤ የጽጋቡ ደግሞ የካርቦን። አሉሚኒየም የነገሠው በሁለቱ መካከል ነው። ካኖንዴል የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ወፍራም የአሉሚኒየም ቱቦ ያለውን ብስክሌቱን ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒም እ.ኤ.አ. በ1998 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በቢያንኪ የአሉሚኒየም ብስክሌት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ታላላቆቹ ቡድኖች ወደ ካርቦን ዞሩ። ያኔ የብዙዎች ምኞት የነበረው ብስክሌት ዛሬ በርካሽ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሁልጊዜ ስለተበላሸ አይደለም።

አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ችግሩ ግትርነቱም ሲሶ መሆኑ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቱቦውን አወፈሩና ግድግዳውን አሳሱት፤ ቱቦ በወፈረ መጠን አይተጣጠፍምና። ቀላል በሆኑት ኮርሶች ላይ የቱቦው መሐል ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሳሳ ይችላል። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ውሃ ቧንቧ የጠነከረ ይመስላል፤ በጣት ሲያንኳኩት ግን እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል።

ልጁን የት እናስቀምጠው?

በአገራችን ብስክሌት የገዛ አባት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ልጁን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ይዞራል። ከዚያ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል፤ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ይዞት ይመጣል። በከባዱ የብረት ብስክሌት ይህን ሲያደርጉ አድገናል፤ አደጋ የለውም ባይባልም አግዳሚው ይችለዋል። የቀላል ኮርስ አግዳሚ ግን የተሠራው ከፊትና ከኋላ የሚመጣውን ጫና ሊችል እንጂ ከላይ የሚቀመጥበትን ሰው ሊሸከም አይደለም። ስስ ግድግዳ ክብደት ሲያርፍበት ይሰረጎዳል። የተሰረጎደ ቱቦ ደግሞ ከዚያች ቦታ ጀምሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። ብዙዎቹ ኮርሶች ከኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ እንኳ የላቸውም። ፋብሪካው ዝም ብሎ አልተወውም፤ “አንድ ሰው ብቻ” ማለቱ ነው።

እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። ባል ብስክሌቱን ሲያይ የሚታየው ዳገቱና ፍጥነቱ ይሆናል። ሚስት በዚያው ገንዘብ ልጁ ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ እህሉ ወፍጮ ቤት ሲሄድ አስባ ይሆናል። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ቢስማሙ ብስክሌቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ልጁ አግዳሚው ላይ ይወጣል። የቤታችሁ ችግር ልጅና እህል ማመላለስ ከሆነ ብረቱን ግዙ፤ ቢከብድም ለዚያ የተሠራ ነው። ችግራችሁ አንድ ሰው ሥራ ቦታ ደርሶ መመለሱ ከሆነ፣ ወይም አንዳችሁ ለጤናችሁ እንቅስቃሴ የምትፈልጉ ከሆነ፣ አሮጌው አሉሚኒየም ከብዙ አዳዲስና ርካሽ ብስክሌቶች ይሻላል ባይ ነኝ።

ለሁለት አንድ ብስክሌት እንግዛ የሚሉ ጥንዶችም አሉ። ኮርቻው ከፍና ዝቅ ይላል፤ የብስክሌቱ አካል ርዝመት ግን አይለወጥም። ባል ረጅም፣ ሚስት አጭር ከሆኑ ለእሱ የሚመቸው እሷን ጀርባዋንና አንገቷን ያሳምማታል። ቁመታቸው የሚቀራረብ ከሆነ ግን ይቻላል። አግዳሚው ከፍ ያለ ስለሆነ በቀሚስ መውጣትና መውረድ ያስቸግራል፤ በሱሪ ላይ አጠር ያለ ቀሚስ የሚለብሱ እህቶች መላውን አግኝተዋል። በትንሽ ከተማ ሴት ኮርስ ስትነዳ የሚያፈጥ ሰው አይጠፋም፤ ሲለምደው ይተወዋል።

እንደ ፈረስ ገዢ

አዊ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ፈረስ የሚገዛ ሰው በኮርቻው ጌጥ አይታለልም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ እግሩን አንስቶ ሰኮናውን ይመረምራል፣ ያስረግጠዋል። አሮጌ አሉሚኒየም ብስክሌትም የሚገዛው እንዲሁ ነው።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ብረት መጠነኛ ጫና እስከሆነ ድረስ እጅግ ለረጅም ጊዜ ሳይደክም ሊቆይ ይችላል፤ ከአቅም በላይ ሲሆንበትም ብዙ ጊዜ ይጎብጣል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። እያንዳንዱ ጉድጓድና ምት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይጠራቀምበታል። ሲሰነጠቅም ስንጥቁ መጀመሪያ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ይህ ማለት ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ ሊሰበር ነው ማለት አይደለም፤ በደንብ የተሠራና ያልወደቀ አሁንም ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ወሳኙ ዕድሜው ሳይሆን ያሳለፈው ነገር ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ጭቃውንና ቅባቱን በጨርቅ አጥቡት፤ የቆሸሸ ብስክሌት ሊመረመር አይችልም። ከዚያ በጥሩ ብርሃን ብየዳዎቹን እዩ። ከሁሉ በፊት ከመሪው በታች ወፍራሙ ቱቦ የሚጋጠምበትን ቦታ፣ ከሥሩ ጭምር። ቀጥሎ ፔዳሉ የሚዞርበትን አካባቢ፣ የኋላው ጎማ የሚታሰርበትን፣ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበትን። መስመር ካያችሁ ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ቀለም ብቻ የተጫረ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለው ብረት ልሙጥ ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ግን አትግዙ። የኮርቻው ዘንግ ወጥቶ የሚገባ መሆኑን ሞክሩ፤ ለዓመታት ሳይቀባ የቆየ ዘንግ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ በምንም ላይወጣ ይችላል። መሪው ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ መሰል ነገር አስፈትታችሁ እዩ። ከሥሩ ያለው መሪም አሉሚኒየም ነው፤ የነጂው ላብ ለዓመታት በልቶት ሊሆን ይችላል። ቁልቁለት ላይ መሪ ከሚሰበር ካቴና ቢበጠስ ይሻላል።

ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት። አዲስ ሲሆን የ12 ሙሉ ጥንድ ማያያዣ ርዝመቱ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 30.8 ከተጠጋ አልቋል፤ ካልተቀየረ የማርሹን ጥርሶች ይበላል።

ስንጥቅ ከተገኘ “እበይደዋለሁ” የሚል ባለሙያ አይጠፋም። በቅንነት ነው የሚለው። ነገር ግን ይህን ስስ አሉሚኒየም ለመበየድ የተለየ መሣሪያና ጋዝ ያስፈልጋል፤ ከዚያም አልፎ የብየዳው ሙቀት በአካባቢው ያለውን አሉሚኒየም ያለሰልሰዋል። ብዙዎቹ ፋብሪካ ውስጥ ከተበየዱ በኋላ ጥንካሬያቸው እንዲመለስ እንደገና በሙቀት የሚታከሙት ለዚህ ነው። የተሰነጠቀውን አካል ተዉት፤ ጎማውን፣ ማርሹንና ፍሬኑን ፈታታችሁ ሌላ ላይ መጠቀም ትችላላችሁ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው ትንሽ ነገር አለ። የኮርስ ካላማዳሪያ አብዛኛውን ጊዜ ቫልቮላው ቀጭን ስለሆነ በተለመደው መንፊያ አይነፋም። ከናስ የተሠራች ትንሽ ማገናኛ አለች፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ያለ እሷ ግን ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጎማውም ሲቀየር ቦታ እስከበቃው ድረስ ሰፋ ያለው ይመረጥ። 23 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ25 መተካት ለእኛ መንገድ ትልቅ እፎይታ ነው።

በመንገድ ላይ

አዊ ዝናብ የማያጣው አገር ነው፤ ጉምም አለ። የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬን የጎማውን ቸርኬ ግራና ቀኝ የሚቆነጥጥ ዓይነት ስለሆነ ቸርኬው ሲርስ ቶሎ አይዝም። ቁልቁለት ሲጀመር ገና ፍጥነት ሳይጨምር ፍሬኑን ደጋግሞ ነካ ነካ አድርጎ ውሃውን ማራገፍ ያስፈልጋል። ክረምት ሲሆን ከውሃው ጋር አሸዋ ገብቶ ቸርኬውን ይፍቀዋል፤ ጎንዮሹን በጣት ስትዳስሱት ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል።

በባንጃና በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ እየተከለ ከሰል ሲያከስል ኖሯል፤ መንገዱ ላይም የጭነት መኪኖች ያጋጥማሉ። ሲያልፉ የሚፈጥሩት ነፋስ ቀላል ብስክሌትን ይገፋል፤ ሁለት እጅ መሪው ላይ ይሁን። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ይህ አውራ ጎዳና የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ማንም ሰው ከከተማ ከመውጣቱ በፊት የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ጠይቆ፣ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለቤተሰቡ ነግሮ ይውጣ።

ዘንገና የደረሰ ሰው ከአስፋልቱ ሲወጣ ቀጭኑን ጎማ በጠጠርና በድንጋይ ላይ ከሚነዳ ወርዶ ብስክሌቱን በትከሻው ቢሸከም ይሻለዋል። 9 ኪሎ ነው፤ ለ200 ሜትር አይከብድም።