ፍላሚንጎና የውኃ ድርሻ

በይፋት ቆላ፥ በሸዋ ሮቢት አጠገብ፥ የሮቢ ወንዝ ይወርዳል። ገበሬዎች ውኃውን በቦይ ጠልፈው ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣሉ። ከላይ ያለው ሰው ውኃውን ሁሉ ቢያስቀር፥ ከታች ያለው ሰው አትክልቱ ይደርቅበታል። ስለዚህ ውኃን በተራ መካፈል ይገባል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አቢያታ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ አለ። በዚያ ፍላሚንጎ የሚባል፥ እግሩና አንገቱ ረዥም የሆነ ወፍ ይሰበሰባል። ሲመገብ ራሱን ቁልቁል ደፍቶ፥ ምንቃሩን ገልብጦ፥ ውኃውን በምላሱ ይስባል፤ በውኃው ያለውንም ደቃቅ አረንጓዴ አጥልሎ ያስቀራል። ላባው ወደ ቀይ የሚያደላው ከዚህ ምግብ የተነሣ ነው።

እንቁላል ለመጣል ግን ጅብና ቀበሮ የማይደርሱበትን፥ ውኃ የከበበውን ስፍራ ይሻል። ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪቃ ትንሹ ፍላሚንጎ አብዛኛው በታንዛንያ፥ በናትሮን ሐይቅ ይፈለፈላል። ጭቃውን እንደ ጉልቻ ከፍ አድርጎ አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ወንዱና ሴቲቱም እየተፈራረቁ ይታቀፉታል። አንድ ብቻ ስለሆነ የጠፋው ቶሎ አይተካም።

አቢያታ በ1960ዎቹ ከሻላ ሐይቅ ጋራ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ። ነገር ግን ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ተጠልፎ አነሰ፤ ከሐይቁም ውኃ ለሶዳ ማምረቻ ተሳበ። ሐይቁ ብዙ ሸሸ፤ ጨውነቱም በዝቶ ዓሣው አለቀ። ውኃው ፈጽሞ ቢደርቅ ፍላሚንጎም መኖውን ያጣል።

ገበሬ ድርሻው ቢቀርበት ወደ ሽማግሌ ሄዶ ይከሳል። ወፍ ግን ከሳሽ አይሆንም። ስለዚህ መናገር ለማይችለው ድርሻውን ማስቀረት የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።